ስምንት ሜትር ዙሪያ

በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ክፍለ ግዛት፣ ክረምቱ የሚወጣው እንደኛው አገር በመስከረም ነው። ሰኔ ላይ የጀመረው ዝናብ ሲያባራና ሰማዩ ሲጠራ የአህመዳባድ የጨርቅ ገበያ ይደራል። ለትምህርት የመጣሁባትን ይህችን ትልቅ ከተማ የሳባርማቲ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በምሥራቅ በኩል ያለው አሮጌው ከተማ መንገዱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ሱቁ የተጠጋጋ ነው። ዳልጋርዋድ ወደሚባለው የጨርቅ ተራ ሴቶች እናትና ልጅ፣ አማትና ምራት ሆነው ይገባሉ። ጣቃው ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ይዘረጋል፣ ይዳሰሳል፣ ወደ ብርሃን ይያዛል። ተሰፍቶ ያለቀ ጉርድ የምትመርጥ ሴት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ዙሪያው ስንት ሜትር እንደሆነ ትጠይቃለች። ሻጩም በቃል መልሶ አያበቃም። ጉርዱን ከወገቡ ይዞ አንድ ጊዜ ሲያዞረው ጨርቁ ተከፍቶ ሱቁን ይሞላዋል።

ይህን ሁሉ ግርግር የሚያስነሣው ናቭራትሪ የሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል ነው። የሚጀምረው ጨረቃ ከጠፋች ማግስት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም ውስጥ ወይም ጥቅምት መግቢያ ላይ ይውላል፤ አንዳንዱ ዓመት ከመስቀል ጋር ይገናኛል። በነዚያ ሌሊቶች ሕዝቡ አምባ በምትባለው አምላኩ ምስል ዙሪያ፣ ወይም ቀዳዳ በበዛበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በሚበራ መብራት ዙሪያ ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። ጭፈራው ጋርባ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሴቶቹ ለዚህ ጭፈራ የሚለብሱት ቻኒያ የሚባለውን ሰፊ ጉርድ ነው። በላዩ ቾሊ የሚሉትን አጭር ጥብቅ ሸሚዝ ያደርጋሉ፤ ነጠላ መሰል ሻርብም ከትከሻ ወደ ወገብ ይጣላል።

ከዚህ ከተማ የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪን ብባል፣ ልብስ የሚለካው ሰው ቆሞ ሳለ ሳይሆን ሰው ሲንቀሳቀስ ነው እላለሁ። ቻኒያ ከመንጠልጠያ ላይ ሲታይ ከባድ፣ የተጣጠፈ፣ ቅርጹ የማይለይ ጨርቅ ነው። አንዲት ልጅ ለብሳው ስትዞር ግን የሰፊዋ ሐሳብ በሙሉ ይገለጣል። ይህን ሐሳብ ከሥሩ ለማወቅ ደግሞ ገዝቶ መልበስ አይበቃም፤ መስፋት ያስፈልጋል።

አህመዳባድ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ሱልጣን አህመድ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1411 ከቆረቆራት ጀምሮ ስሟ ከጥጥ ጋር የተያያዘ ነው። ራንቾድላል ቾታላል የተባለው ሰው የከተማዋን የመጀመሪያ የጥጥ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1861 ሥራ ካስጀመረ በኋላ ፋብሪካው በፋብሪካ ላይ ተደረበ፤ ከተማዋም «የሕንድ ማንቸስተር» ተባለች። ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ባለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተዘግተዋል። የጨርቅ ዕውቀቱ ግን አልተዘጋም። ዛሬም ጨርቅ ሻጩ አንዱን ጥጥ ከሌላው በጣቱ ይለየዋል፤ ገዢዋም ትለየዋለች።

ለኢትዮጵያዊ ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነገር አለ። ላል ዳርዋጃ ከሚባለው የአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ይገኛል። ያሠራው ሲዲ ሰይድ የሐበሻ ተወላጅ ሲሆን፣ በጉጃራት ሱልጣኖች ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1573 ገደማ፣ ከነበሩት ስመ ጥር ሐበሾች አንዱ ነው። በምዕራብ ግድግዳው ላይ ከድንጋይ ተፈልፍለው የወጡ መስኮቶች አሉ፤ ከነዚህ አንዱ ላይ ቅርንጫፎቿ እርስ በርስ የተጠላለፉ ዛፍ ተቀርጻለች። ድንጋዩ ጥልፍ እስኪመስል ድረስ ስስ ነው። ይህች ዛፍ የአህመዳባድ ምልክት ሆናለች። ጨርቅ ፍለጋ በወጣሁ ቁጥር በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ከአገሬ ርቆ የመጣ ሰው በዚህ አፈር ላይ እጁን እንዲህ አሳይቶ መሄዱ ያኮራኛል።

ስፌቱን ያየሁትና የተማርኩት በአሮጌው ከተማ፣ ፖል በሚባለው መንደር ውስጥ በሚገኝ አንድ ቤት ነው። ፖል ማለት በአንድ በር የሚገባበት፣ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙበት፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅበት ሰፈር ነው። ይህ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቤቱ እመቤት አረጋዊት ናቸው፤ ልጆቻቸውም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም «ባ» እንላቸዋለን፤ በጉጃራት እናትና አያት በዚህ ይጠራሉ። እሳቸው ደግሞ ትንሽ ትልቁን «ቤታ»፣ ልጄ፣ ይላሉ። የምናወራው በምራታቸው አስተርጓሚነት ነው። ጨርቅ መሐል ሲገባ ግን አስተርጓሚ ብዙም አያስፈልገንም፤ ባ ያሳያሉ፣ እኔ አያለሁ።

ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የስፌት መኪናቸው የእግር ናት፤ ኡሻ የሚል የሕንድ ስም ተጽፎባታል። አገር ቤት በረንዳ ላይ ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የሲንጀር መኪና ምንም አትለይም፤ ያው መንኮራኩር፣ ያው ቀበቶ፣ ያው የብረት እግር። በዚችው ከተማ፣ ከሳባርማቲ ዳር፣ ጋንዲ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የኖሩበት አሽራም አለ። የሰውን ሥራ የሚነጥቀውን መኪና አጥብቀው የተቃወሙት ጋንዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ የሲንጀርን የስፌት መኪና ከተቃውሟቸው አውጥተውታል። ሲንጀር የሠራት ሚስቱ በእጇ ስትሰፋ የምትደክመውን አይቶ በፍቅር ተነሣስቶ ነው፣ ለሰው ከሚጠቅሙ ጥቂት ፈጠራዎችም አንዷ ናት ብለዋል። ታሪኩን የነገሩኝ ባ ናቸው፤ የነገሩኝም መኪናዋን ዘይት እየቀቡ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ የዚህ ጉርድ ምሥጢር ያለው ሒሳቡ ላይ ነው።

ሰፊ ጉርድ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ብዙ ሜትር ጨርቅ ወስዶ ወገቡ ላይ መሸብሸብ ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወገብ ላይ ጨርቅ ይከመራል፣ ዳሌ ያበዛል፣ ሲዞሩበትም ከላይ ተይዞ ስለሚቀር እንደልብ አይከፈትም። ሁለተኛው መንገድ የባ መንገድ ነው፤ ጉርዱ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ከሆኑ ቁራጮች ይገጣጠማል። እያንዳንዱን ቁራጭ ካሊ ይሉታል። ካሊው በበዛ ቁጥር ስፋቱ ለሁሉም እኩል ይዳረስና ጉርዱ ዙሪያውን እኩል ይወርዳል። ወገብ ላይ ምንም አይከመርም፤ ስፋቱ ሁሉ ከታች ነው፣ ሲዞሩ የሚፈለገውም እዚያ ነው።

ባ የሠሩት ባለ 16 ካሊ ነው። ወገቡ በገመድ ስለሚታሰር ትንሽ ለቀቅ ብሎ 88 ሴንቲ ሜትር ይሁን አሉ። 88 ለ16 ሲካፈል 5 ሴንቲ ተኩል ይሆናል። ለስፌት በየጎኑ 1 ሴንቲ ሲጨመር የካሊው ራስ 7 ሴንቲ ተኩል ሆነ። የታችኛው ዙሪያ 8 ሜትር እንዲሆን ስለተፈለገ 800 ለ16 ሲካፈል 50፣ ከነስፌቱ 52 ሴንቲ ሆነ። ርዝመቱ አንድ ሜትር። ባ ይህን ያሰሉት በቃላቸው ነው። ምራታቸው በስልኳ ስታሰላ ያው መልስ ወጣ።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ ስምንት ሜትር ዙሪያ ሲባል ስምንት ሜትር ጨርቅ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። አያስፈልግም። ወርዱ 110 ሴንቲ የሆነ ጥጥ ተገዛ። ካሊው በጨርቁ ወርድ ላይ ይጋደማል። የመጀመሪያው ራሱ ወደዚህ፣ ሁለተኛው ራሱ ወደዚያ፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው። የአንዱ ጠባብ ጫፍ የሌላው ሰፊ ጫፍ አጠገብ ይገባል፤ በሁለት ካሊ መካከል ያለው መቀስ የሚያልፍበት መስመር አንድ ብቻ ነው። በዚህ አደራደር 16ቱ ካሊ 5 ሜትር ጨርቅ ላይ ልክ ይገባሉ። ካሊው አንድ ሜትር፣ የጨርቁ ወርድ አንድ ሜትር ከአሥር ስለሆነም በጨርቁ ዳር አሥር ሴንቲ ወርድ ያለው፣ 5 ሜትር የሚረዝም ጥብጣብ ይተርፋል። ባ ይህን ጥብጣብ ለሁለት ይሰነጥቁታል፤ 10 ሜትር ይሆናል። 8 ሜትሩ ለታችኛው ጠርዝ ገበር፣ ከቀረው ላይ ለወገቡ የገመድ መሄጃ ይቆረጣል። ከሁለቱ ዳር የሚቀሩት ሹል ቁራጮች ደግሞ የገመዱ ጫፍ ላይ ለሚንጠለጠለው ጌጥ ይውላሉ። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ ወለል ላይ የቀረው ክርና ብናኝ ብቻ ነው።

ይህ አደራደር የሚሠራው ጨርቁ ላይና ታች የሌለው ሲሆን ነው። ባለ አበባ ጨርቅ ሆኖ አበባው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ከሆነ ግማሹ ካሊ ላይ አበባው ይዘቀዘቃል። ባ ለዚህ ነው በነጠብጣብ የተሠራ ባንዳኒ የሚመርጡት። ባንዳኒ ጨርቁ በትንንሽ ቋጠሮ በክር ታስሮ ቀለም ውስጥ የሚነከር ነው፤ ክሩ ሲፈታ የታሰረው ቦታ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ነጥብ ከየትም ቢያዩት ነጥብ ነው።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በካውያ ተተኩሷል። አዲስ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከሚሰበሰብ አስቀድሞ ቢሰበሰብ ይሻላል። ከዚያ ባ አንድ ካሊ በካርቶን ሠሩ፤ ራሱ 7 ተኩል፣ እግሩ 52፣ ቁመቱ 100፣ መካከሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር። ካርቶኑን ጨርቁ ላይ እያገለባበጡ በጠመኔ ያሰምራሉ። መስመሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው መቀስ የሚነሣው፤ መቀሱም ከተነሣ አይቆምም። የሚቆርጡት በረጅሙ፣ ጨርቁን ከወለሉ ብዙ ሳያነሡ ነው።

ስፌቱ የሚጀምረው ሁለት ሁለቱን በማጋጠም ነው። 16ቱ ስምንት ጥንድ ይሆናሉ፣ ስምንቱ አራት፣ አራቱ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ። እንዲህ ሲሠራ መኪናዋ ሥር ብዙ ጨርቅ የሚገባው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ሁልጊዜም ከራሱ ወደ እግሩ ይሰፋል እንጂ ከእግሩ ወደ ራሱ አይሰፋም፤ የካሊው ጎን የጨርቁን ክር ሰያፍ ስለሚያቋርጥ ይለጠጣል፤ አንዱ ካሊ ወደ ታች ሌላው ወደ ላይ ቢሰፋ ጎንና ጎኑ ይጣመማል። አንዱ መጋጠሚያ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ሳይሰፋ ይቀራል፤ ጉርዱ የሚጠለቀውና የሚታሰረው በዚያ በኩል ነው። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በውስጥ በኩል ይዘመዘማሉ፤ ካልተዘመዘሙ ጥጡ በአንድ በዓል ይተረተራል።

ዕውቀት ያለው ሰፊና የሌለው የሚለዩት ከዚህ በኋላ ነው። ጉርዱ ሲገጣጠም ያለቀ ይመስላል፤ ባ ግን ጠርዙን አይነኩትም። ወገቡን በገመድ ሰብስበው ከጣሪያው ኩላብ ላይ ይሰቅሉትና እስከ ማግስቱ ይተዉታል። ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በካሊው መካከል ያለው ክር ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ አይረዝምም፤ መጋጠሚያው ያለበት ግን ይረዝማል። በማግስቱ ጠርዙ ማዕበል ይመስላል፤ በየመጋጠሚያው ሹል፣ በየመካከሉ ጎድጎድ ያለ ነው። አስቀድሞ ተዘምዝሞ ቢሆን ኖሮ ለባሿ ስትቆም ከታች አንዱ ጎን ረዝሞ፣ ሌላው አጥሮ ይታይ ነበር። ባ በአንድ ሜትር ልክ የተቆረጠ ቀጭን ዘንግ ይዘው ከወገቡ ወደ ታች እየለኩ በየካሊው ላይ በጠመኔ ነጥብ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ነጥቦቹን በክብ መስመር ያገናኙና ሹሉን ይቆርጣሉ።

ጉርዱን ሰቅለው ለምን እንደሚያሳድሩት ስጠይቃቸው፣ «ቤታ፣ የሚቸኩል ሰው ጉርድ ሲቆም ያጋልጠዋል» አሉኝ።

በጠርዙ ላይ ያ የተሰነጠቀው ጥብጣብ በውስጥ በኩል ይሰፋል። ጥብጣቡ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ግን ክብ ስለሆነ በየመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ይቆነጠጣል። ይህ ገበር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ ጠርዙን ከመተርተር ያድነዋል። ሁለተኛና ዋነኛው፣ ጉርዱን ከታች ያከብደዋል። የሚዞር ጨርቅ ወደ ውጭ ለመሄድ ይታገላል፤ ጠርዙ ላይ ክብደት ሲኖር ይበልጥ ተዘርግቶ፣ ሳይንቀጠቀጥና ሳይታጠፍ ይዞራል። በላዩ የወርቅ ቀለም ጥለት ወይም ዳንቴል የሚጨመረው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱም ይፈለጋል። ስስ ጨርቅ ያለ ጠርዝ ክብደት ቢሰፋ ነፋስ ይጫወትበታል፤ ክብደቱ ሲበዛ ደግሞ ወገብ ይጎትታል።

ወለል ላይ ሲዘረጋ ሌላ ነገር አየሁ። ወገቡ በዚህ ልክ፣ ርዝመቱም በዚህ ልክ የሆነ ሙሉ ክብ ጉርድ ቢቆረጥ ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛ ነበር፤ ዙሪያው ከ7 ሜትር ብዙም አይበልጥም። የባ ጉርድ ግን 8 ሜትር ነው፤ ከሙሉ ክብ አልፏል፤ 360 ዲግሪው ሞልቶ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ተርፎታል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ሊተኛ አይችልም፤ እንዴትም ቢያመቻቹት ጠርዙ እየተነሣ ማዕበል ይሠራል። በጭፈራው ሲዞር ዳሩ ላይ የሚታየው ያ ውብ መወዛወዝ የሚመጣው ከዚህ ትርፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥልፉ አለ። የጉጃራት ሴቶች፣ በተለይ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያሉት የካች ሴቶች፣ በጨርቅ ላይ ትንንሽ መስታወት ይሰፋሉ። መስታወቱ ቀዳዳ የለውም። መጀመሪያ በላዩ አራት ክር አግድምና ቁልቁል ይጣልና ከጨርቁ ጋር ይይዘዋል፤ ከዚያ በነዚያ ክሮች ላይ ዙሪያውን በጥልፍ ክር እየተያዘ ወደ ዳር ይሳባል፤ መጨረሻ ላይ መስታወቱ በክር ቀለበት ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ መስታወት ከጥፍር አይበልጥም፤ ጉርዱ ላይ ግን ብዙ ነው። የባ ምራት ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ምጣዱ ከእሳት ሳይወርድ፣ አንድ ሁለት እያለች ትሰፋለች።

እዚህ ላይ የድካሙን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ባለ 16 ካሊ ጉርድ መጋጠሚያው ብቻ 16 ሜትር ነው፤ ገበሩ ከላይና ከታች ሲሰፋ ሌላ 16 ሜትር ይጨምራል። መዘምዘሙ ሳይቆጠር ከ30 ሜትር በላይ ስፌት ማለት ነው። በገበያው የሚሸጠው ርካሽ ጉርድም ይኸው ስፌት አለበት፤ የሆነች ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ በቁራጭ ዋጋ ሰፍታዋለች። አህመዳባድ ይህንን ጉዳይ አስቀድማ ያነሣች ከተማ ናት። ኤላ ባት የተባለችው የሕግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 በዚህች ከተማ ሴዋ የተባለውን በራሳቸው የሚሠሩ ሴቶች ማኅበር መሠረተች። ቀጣሪ የሌላቸው፣ በቤታቸው የሚሰፉ፣ በጭንቅላታቸው ዕቃ ተሸክመው የሚያመላልሱ፣ በመንገድ ዳር የሚሸጡ ሴቶች በሠራተኛ ማኅበር ተደራጁ። ከነዚህ መካከል ከፋብሪካ የተጣለ ቁራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የብርድ ልብስ ሽፋን የሚሰፉ ነበሩበት። በቤት የሚሠራ ሥራ ሥራ ነው የሚለው ክርክር ከዚህ ተነሥቶ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 በቤት ስለሚሠራ ሥራ ስምምነት እስከማጽደቅ ደርሷል። መጋጠሚያ የሰፋ ሰው ከዚያ ወዲያ በገበያ ዋጋ ሲከራከር ዓይኑ ሌላ ይሆናል። እኔ አሁን ጉርዱን ገልብጬ የውስጡን ስፌት አያለሁ፤ በደንብ የተዘመዘመ ከሆነ ዋጋውን አላራክስም።

በበዓሉ ሌሊት በፖሉ መካከል ባለችው ትንሽ አደባባይ መብራት ተሰቀለ፣ ከበሮ መጣ፣ በመካከሉ ያ ቀዳዳው የበዛ ማሰሮ ተቀመጠ። በከተማው ዳር ሰፋፊ ሜዳዎች ላይ ትኬት ተቆርጦ የሚገባባቸው፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚጨፍርባቸው ጋርባዎች አሉ። የሰፈር ጋርባ ግን ሌላ ነው፤ ሼሪ ጋርባ ይሉታል፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ክብ ይገባሉ። መጀመሪያ ሁለት ጭብጨባ ያለው እርምጃ ነው፣ ቀጥሎ ሦስት ጭብጨባ። ሁሉም ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጎንበስ ብሎ ያጨበጭባል፣ ይዞራል፣ ወደ ፊት ይሄዳል። ክቡ ሲዞር እያንዳንዷ ሴት ደግሞ በራሷ ትዞራለች። ዙሩ ሲጀምር ቻኒያው እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፤ ልጅቷ ቀጥ ስትል ግን ጨርቁ አብሯት አይቆምም፤ ጉዞውን ይቀጥልና እግሯ ላይ ተጠምጥሞ፣ መልሶ ተፈትቶ ነው የሚረጋው። ጨፋሪዋ ይህንን ታውቃለች፤ ጨርቁ የሚመለስበትን ቅጽበት ጠብቃ በተቃራኒው ትዞራለች። ጉርዱ ምቱን ያስጠብቃታል።

ያን ሳይ የኛን ጭፈራና የኛን ቀሚስ አሰብኩ። እስክስታ የትከሻና የደረት ነው፤ እግር ጥቂት ይሄዳል፣ አንገትና ትከሻ ይናገራል። የሐበሻ ቀሚሳችንም ጥበቡ ከደረት የሚጀምረው፣ ነጠላውም ትከሻ ላይ የሚያርፈው ዓይን ወደዚያ እንዲሄድ ነው። ጭፈራው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነውና ጌጡም እዚያው ነው። የጉጃራት ጭፈራ ክብና ዙር ነው፤ ስለዚህ ጌጡም፣ ክብደቱም፣ የጨርቁ ብዛትም ከታች ነው። ሁለቱም ሕዝብ ልብሱን ለጭፈራው ሰፍቶታል፤ ከዚህ የበለጠ ጥሩ የስፌት ሕግ አላውቅም። ሽሮ ሜዳ ላይ ቀሚስ የሚያሰፋ ሰው ለሰርግ ቁጭ ብዬ የምታይበት ነው ወይስ የምጨፍርበት ብሎ ራሱን ቢጠይቅ የብብቱ ልክ፣ የጎኑ ስፋት፣ የጠርዙ ክብደት በዚያው ይወሰናል። እናቶቻችን ሽንሽን ቀሚስ ሲያሰፉ ይህን ጥያቄ ያውቁት ነበር፤ ሽንሽኑ የሚቆጠረው ለመራመጃ ነበርና።

ለማንኛውም ሰው የሚሆነውን ሒሳብ ልተውላችሁ። በገበያችን ወርዱ 150 ሴንቲ የሆነ ጨርቅ ይገኛል። ለአንዲት ልጅ ከነስፌቱ 73 ሴንቲ የሚረዝም ጉርድ ቢፈለግ፣ በወርዱ ላይ ሁለት ረድፍ ካሊ ይገባል፤ በየረድፉ ስምንት፣ በድምሩ 16። ወገቡ ለቀቅ ብሎ 72 ሴንቲ ይሁን፤ የካሊው ራስ ከነስፌቱ 6 ሴንቲ ተኩል፣ እግሩ ከነስፌቱ 42። እያገለባበጣችሁ ብትደረድሩት 2 ሜትር ከ20 ይበቃል። የታችኛው ዙሪያ 6 ሜትር ከ40 ይሆናል። እየዞረች የምትዘል ልጅ ከዚህ በላይ አትፈልግም። ወገቡ ላይ ገመድ ወይም ላስቲክ፣ ጠርዙ ላይ ከገበያ የተገዛ ጥለት። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ከተገጣጠመ በኋላ አንድ ሌሊት ይሰቀል፤ ከዚያ ጠርዙ ይስተካከል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያከበረ ሰው ጉርዱ አይጣመምበትም።

ዳንቴል፣ መስታወት፣ ወርቀ ዘቦ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። የጉርድ ውበት በቁርጡና በጠርዙ ነው የሚያልቀው፤ ቁርጡ የተበላሸ ጉርድ በጌጥ አይድንም። ሲንጀር ያላችሁ አውጡትና ዘይት ቀቡት፤ የሌላችሁም ጎረቤት ለምኑ። ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ የመጀመሪያውን የካርቶን ካሊ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ቁረጡት፤ ወገቧን ለክታ ለ16 ማካፈል የምትችል ልጅ የራሷን ልብስ መስፋት ትችላለች።